ግማሽ ሊትር

በድምፅ እንጂ በመልክ ለማላውቅዎ ለጓደኛዬ እናት፤

እናቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ? ዝናቡስ ገባላችሁ? ትንሿ የሀናን ልጅ ትምህርት ቤቱን ለመደችው ወይስ አሁንም በር ላይ ታለቅሳለች? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

አስቀድሜ የጎረቤትዎን ልጅ የአንዋርን ነገር ልንገርዎ። እናቱ በአጥሩ በኩል እየተጣሩ «ምን ተሰማ?» እያሉ ዕረፍት እንደነሱዎ ሰምቻለሁ። ሕንፃ ሲቀባ የወደቀ ጊዜ የተሰበረው እጁ ገጥሟል፤ ውስጡ የገባው ብረትም ወጥቶለታል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር እቤታችን ድረስ መጥቶ በዚያው እጁ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ያነሳል። ሚስቱም በሰላም ተገላግላለች። ሴት ናት፤ ፀጉሯ ከአሁኑ ግንባሯን ሸፍኖታል። ሦስት ሳምንት ሞልቷት ግን ስም የላትም። እሱ በእናቴ ስም ትጠራ ይላል፣ ሚስቱም በእናቴ ስም ትላለች፣ ጎረቤቱ መሃል ገብቶ «ቤቢ» እያለ ይጠራታል። ለእናቱ ይንገሩልኝና ቶሎ አንዱን ይቁረጡላቸው፤ ልጅቷ በዚሁ ስም እንዳታድግ።

ይህን ወሬ ያስቀደምኩት ብዕሩ ወደ ሌላው አልሄድ ብሎኝ ነው።

እናቴ፣ ደብዳቤውን የሚሰጥዎ ካሳ ይባላል። ከእኛ ፎቅ ሥር ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ነገ ጠቅልሎ አገሩ ይገባል። እሱ ራሱ ያንብብልዎ። እባክዎ ሲያነብ ትንሿ አጠገባችሁ አትሁን። በስልክ ያልነገርኩዎ ስልክዎ ሁልጊዜ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ የሚሰማ ስለሆነ፣ ቤትዎም ሰው ስለማይጠፋበት ነው። ይህ ደግሞ በሰው ፊት የሚነገር አልሆነልኝም።

ረቡዕ ዕለት የላኩትን ድምፅ አብራን የምትሠራው መዓዛ አሰምታኛለች። «ያቺ ክርስቲያን ሴት ከልጄ አጠገብ ትነሳልኝ። ዘምዘም የከለከለች ለልጄ አትሆናትም። መዓዛ ታስታምምልኝ» ብለዋል። ሦስት ጊዜ አሰማችኝ። አልተቀየምኩም፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እናገር ነበር። አማችዎ ሸሪፍም ከመካ ደውሎ «የእናቷ ቃል ይሁን» ብሎኛል። ስለዚህ ከልጅዎ አልጋ አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ግን የደረሰዎ ወሬ ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ከዚህ የከፋ ነውና እሱን ከእኔ ይስሙ።

ልጅዎ ሀናንና እኔ ሳፋ ሰፈር ባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ፅዳት ስንሠራ ስድስተኛ ዓመታችን ነው። እሷ ልጅ ስለሆነች ላይኛውን ፎቅ ትይዛለች፣ እኔ ምድሩን። የእኔ ዐረብኛ ሰው ቤት ስሠራ የለቀምኩት የማድ ቤት ዐረብኛ ስለሆነ አስተማሪዎቹ ሲጠሩኝ የምትሄድልኝ እሷ ናት። «አልጌ፣ አንቺ ክሎሩን ያዥ፣ ሙዲራዋን ለእኔ ተዪልኝ» ትለኛለች። ሙዲራዋ ማለት የትምህርት ቤቱ አለቃ ናት፤ አጥንት የምትሰብር ሴት ናት፣ ሀናንን ስታይ ግን ትስቃለች።

ከረመዳን በኋላ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ማበጥ ጀመረ። እኔ ሞኟ «ወፈርሽ፣ ሸሪፍ ምን እየላከልሽ ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። ጫማዋ አልገባ ሲላት የእኔን ሰጠኋት። አንድ እሑድ ደረጃውን እየወለወለች ሳለ ባልዲውን እንዳቀፈች ቁጭ አለች፤ ከዚያ አልተነሳችም። መዓዛ ናት በትከሻዋ ተሸክማ ያወረደቻት። ይህን የምጽፈው መዓዛን ክፉ አድርጌ እንደማልስልዎ እንዲያውቁ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል አሉን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል።

እዚያ አንዲት ሱዳናዊት ነርስ አለች፤ ሁላችንንም «ያ ኡኽቲ» እያለች ነው የምታናግረን፣ እህቴ ማለቷ ነው። አስታማሚዋ እኔ ስለሆንኩ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የሀናን ኩላሊት ሽንት አያወጣም፤ የጠጣችው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በቀን ግማሽ ሊትር፣ ከዚያ አንድ ጠብታ እንዳያልፍ አለችኝ። ሻዩም ሾርባውም ይቆጠራል። ወደ ማምሻው ወረቀቷን ይዛ ትመጣና ዛሬ ስንት ጠጣች ብላ ትጠይቀኛለች። ወረቀቱ ላይ የምትጽፈው እኔ ያልኳትን ነው።

አሁን የሸሪፍን ነገር ልንገርዎ። መካ፣ መንሱር ገበያ ውስጥ ሩዝና ዱቄት ያወርዳል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ወደ ጅዳ ልምጣ ቢል ኬላው ላይ ይያዛል። እኔ ደግሞ በሃይማኖቴ መካ መግባት አይፈቀድልኝም። እሱ መውጣት አይችል፣ እኔ መግባት አልችል፤ በመሃላችን የሚመላለሰው ባለ ሚኒባሱ ዘከሪያ ነው። ሚስቱን ማየት ያቃተው ሰው ምን ያድርግ? በየሐሙሱ ዘምዘም በጠርሙስ ይሞላና ላዩ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ በዘከሪያ ይልክላታል። አንዴ «ዛሬ የተሸከምኩት ከረጢት አንቺን ያክል ነበር፣ ሳወርደው ቀስ ብዬ ነው» ብሎ ጻፈላት። ሀናን ይህን ወረቀት ትራሷ ሥር አድርጋ ለመጣው ሁሉ ታስነብባለች።

ዓርብ ዓርብ ጠያቂ ይመጣል። የወሎ ሰው በሽተኛ እንዴት እንደሚጠይቅ ለእርስዎ አልነግርም። ተምርና ሙዝ አይፈቀድላትምና ነርሷ በር ላይ ትቀበላለች። ዘምዘሙ ግን አለ። እያንዳንዱ ጠያቂ ቢስሚላህ ብሎ አንድ አንድ ፍንጃል ያቀምሳታል፣ ዱዓ ያደርግላታል፣ «አብሽሪ፣ ይኸው ነው መድኃኒትሽ» ይላታል። ውሃ ተከልክላለች እኮ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሞኞች ሆነን አይደለም። የተከለከለው ውሃ ነው፤ ዘምዘምን ከውሃ የቆጠረው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን፣ ጠበል ቢሆን ኖሮ እንደዚያው ነበር የማስበው።

ፍንጃሉን የምቀዳው ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ እናቴ።

ሁሉም ከመካ አንድ ነገር ሲያመጣላት እኔ የማመጣው አልነበረኝም። ቢያንስ በእጄ ልቅዳላት ብዬ ደስ እያለኝ እቀዳ ነበር። ወደ ማምሻው ነርሷ «አለፈ?» ስትለኝ «ላ፣ ግማሽ ሊትር ብቻ» እላታለሁ። ስዋሽ የዋሸሁ አይመስለኝም ነበር። አንድ ዓርብ ብቻ መስሎኛል። የዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሀናን ስምንተኛው ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልጌ፣ ከብዶኛል፣ ይበቃኛል» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? «የሸሪፍን ሳትጨርሺ?» አልኳት። ለእሱ ስትል ጨረሰችው። ነርሷ መጥታ ስትጠይቀኝ ዓይኗን ሳላይ «ግማሽ ሊትር» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ አልጋዋ ባዶ ነበር። ውሃው ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ መተንፈስ አቅቷት ፅኑ ሕሙማን ክፍል አስገብተዋታል። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትናንት ምን ጠጣች ብላ ሁላችንንም ጠየቀችን። መዓዛ እግሯን ታያለች፣ ዘከሪያ የመኪናውን ቁልፍ ያሽከረክራል። እኔ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። «ያ ኡኽቲ፣ በረካውን ማን ካደ? ግን በረካው የሚገባው ከውሃው ጋር ነው። ውሃውን የሚያወጣላት ኩላሊት የላትም» አለችኝ።

ዘጠኝ ቀን በጉሮሮዋ ቱቦ ገብቶ በመሣሪያ ተነፈሰች። በስልክ «ተኝታለች»፣ «ለምርመራ ወስደዋታል» እያልኩ የዋሸሁዎ ያኔ ነው። አሁን ቱቦው ወጥቷል፣ ክፍሏ ተመልሳለች፣ ሰው ትለያለች፣ ትቀልዳለች። ድምፅዋን ያላሰማሁዎ ቱቦው ጉሮሮዋን ስላቆሰለው ነው፤ እንደ ሽማግሌ ሻክሯል፣ ቢሰሙት ይደነግጣሉ ብዬ ነው። ዶክተሩ ግን እንዲህ ያለው ነገር አንድ ጊዜ ቢደገም ልቧ እንደማይችለው ነግሮናል።

ከዚያ በኋላ ነው በር ላይ የቆምኩት። ዘከሪያ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠርሙሱን ይዞ መጣ። አላስገባም አልኩት።

«ታዲያ ለባሏ ምን ልበለው?» አለኝ።

«አልጋነሽ ከለከለች በለው።»

«ኸላስ? በቃ?»

«ኸላስ» አልኩት። ጠርሙሱን እንዳቀፈ ሄደ።

መዓዛ ኮሪደሩ ላይ ሰው በሙሉ እየሰማ «ጉድ እኮ ነው! ክርስቲያኗ የዘምዘም ዘበኛ ሆነችልን! ነገ ደግሞ አዛን ትቀንስልናለች» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ነርሷ ያለችውን ሰምተሽ የለም ወይ ብላት «ያ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ፤ ውሃ ሰው ገድሎ አያውቅም» አለችኝ። ወሬው ጉለይልን አዳርሶ መካ ደረሰ። ሸሪፍ ደወለ። ይሰድበኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝኩት። እሱ ግን «እኔ እኮ በዚያ ጠርሙስ ነበር የምመጣው» ብቻ ብሎኝ ዘጋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልጅዎ ጥም ነው። ከንፈሯ ይሰነጣጠቃል። ምላሷ አፏ ውስጥ አልዞር ይላታል። «አልጌ፣ አንድ ጉንጭ። በልጄ ሞት» ትለኛለች። በልጅሽ ሞት አትማጠኚኝ እላታለሁ። «ጨካኝ» ትለኛለች። ነኝ እላታለሁ። ጥጥ አርሼ ከንፈሯን አብሳለሁ፣ ስለ ሙዲራዋ አወራላታለሁ፣ የትኛዋ አስተማሪ የማንን ሻንጣ እንደገዛች ሳይቀር አወራለሁ። እየሰማችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ ግን ማውራቴን አላቆምም።

ሐሙስ ዕለት፣ የእርስዎ ድምፅ በደረሰ ማግስት፣ ሸሪፍ ከመካ ሽማግሌ ላከ። እርስዎ ያውቋቸዋል፤ የአገራችሁ ሰው ሼህ ነስረዲን ናቸው። መጥተው ሀናን ላይ ቁርኣን ቀሩላት፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡና «በይ ንገሪኝ» አሉኝ። ለእርስዎ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስምንተኛውን ፍንጃልም፣ ለነርሷ የዋሸሁትንም። ከነርሷ ሌላ ይህን የሰሙ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«የተፈቀደላት ስንት ነው?» አሉኝ።

«ግማሽ ሊትር።»

«የየትኛው ውሃ ተባለ?»

«ውሃው አልተለየም፣ ልኩ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ግማሽ ሊትሩ ዘምዘም ይሁን። ሌላ ውሃ አፏ አይግባ። ቀጂዋ ግን አንድ ሰው ትሁን፤ የእንግዳ እጅ አይግባበት» አሉ። ነርሷም ዶክተሩን ጠይቃ ይሆናል አለችን። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅዎ ጎን ሠርቼ፣ ስንት ቀን አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ ይቺን ማሰብ አልቻልኩም። ከልክሉ ሲሉኝ መከልከል ብቻ ነው የመጣልኝ።

ቀጂዋ ማን ትሁን ብዬ ጠየቅኋቸው። ተነስተው ኩታቸውን እያስተካከሉ «እሱን እናቷ ትበል። ግን ለእኔ የነገርሽኝን ለእሷም ሳትነግሪ መልስ እንዳትቀበዪ» አሉኝ። ደብዳቤው የመጣው ከዚህ ነው።

ዓርብ፣ ማለት ትናንት፣ በቃልዎ መሠረት ቦታውን ለመዓዛ ለቀቅኩላት። የሸሪፍ ጠርሙስ ላይ ግማሽ ሊትሩን በጥቁር ቀለም አምስት ቦታ አስምሬ ሰጠኋት። አንዱን መስመር ከጨረሰች ቀጣዩ እስከሚቀጥለው ሰላት ይቆይ፣ መሃል ላይ ከጠማት በጥጥ ከንፈሯን አርሺ፣ አውሪላት፣ ዓይን ዓይኗን አትዪ አልኳት። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ እኔ ሰው አስታምሜ አላውቅም?» አለችኝ። ሀናን ስወጣ «አልጌ፣ ወዴት?» አለችኝ። ልብስ ላጥብ ነው አልኳት። እቤት ገብቼ የታጠበውን ልብስ መልሼ አጠብኩት።

እንግዲህ እናቴ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። ይቅር ይበሉኝ አልልዎም፤ እሱን ልጅዎ ድና አገሯ ስትገባ፣ እኔም አብሬያት ደጅዎ ስደርስ በአፌ እጠይቅዎታለሁ። አሁን የምለምንዎ ቃልዎን ብቻ ነው። ተነሺ ካሉኝ ተነስቻለሁ፤ በሩቁ ሆኜ ልብሷን አጥባለሁ። ተመለሺ ካሉኝ በሰማሁበት ቀን እመለሳለሁ። ካሳ አንብቦ ሲጨርስልዎ ባለው ስልክ ድምፅዎን ይቅዳልኝ። ለመዓዛ ሳይሆን ለእኔ ይላኩት።

ልፈርም ብዬ ሳለሁ በሩ ተንኳኳና መዓዛ መጣች። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለች። አባያዋን ገልብጣ ነው የለበሰችው። ሀናንስ ብዬ ብድግ ስል «ደህና ናት፣ ነርሷ አለች፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ከዚያ «ልሰጣት ነበር» አለች። «አራቱ መስመር አልቆ ነበር። በልጇ ለመነችኝ፣ በእናቷ ለመነችኝ። ፍንጃሉን ሞልቼ ከንፈሯ ጋ አድርሼው ነበር፣ ነርሷ ገብታ እጄን ባትይዘኝ። ወላሂ አልጌ፣ እኔ ይህን አልችልም። እንዲያ አድርጎ የሚለምን ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ለእናቷ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ያላ ተነሺ እንሂድ» አለችኝ።

እናቷ ሳይሉ አልጋዋ አጠገብ አልቀመጥም፣ የክፍሏ በር ላይ ግን እሆናለሁ፣ ሲጨንቅሽ ትጠሪኛለሽ አልኳት።

ዓይኗን በመሐረቧ ጠርጋ ስታበቃ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ግን እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ።

ሻይ ቀዳሁላት።

ጉልበትዎን ያፅናልዎ፣ ቤትዎን የደስታ ድምፅ አይለየው፣ ልጅዎን በእጅዎ ይመልስልዎ።

የልጅዎ የሥራ ባልደረባ